የገና ግብዣ ለሠፈር ልጆች፦ ከነቤተሰብ ለማገልገል ዝርዝር መመሪያ

በገና ሰሞን ብዙ አጥቢያዎች በሰንበት ትምህርት ቤታቸው በኩል የሠፈሩን ልጆች ሰብስበው ያበላሉ፣ ያጫውታሉ፣ ደብተርና እርሳስ ያስይዛሉ። ይህ መመሪያ እናት፣ አባት፣ ልጆችና አያት አንድ ላይ ሆነው እንዲህ ባለው ግብዣ ላይ ለሚያገለግሉ ቤተሰቦች የተጻፈ ነው። ስሌቱ የተሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያ 100 ልጆች ይጠራሉ ብለን ነው።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መያዝ ያለበት ሐሳብ ይኸው ነው፦ የሚመጡት ልጆች እንግዶቻችሁ ናቸው። እንግዳ ምግብ ለመቀበል ተሰልፎ አይቆምም፤ ስጦታ ይዞ ፎቶ እንዲነሣ አይታዘዝም፤ ችግሩን እንዲናገር አይጠየቅም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ የትሪው ቁጥር ሳይቀር፣ ከዚህ ሐሳብ የወጣ ነው።

ቀኑን መምረጥ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባና በገና ይፈታል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል። ግብዣው ከገና በፊት ከሆነ እንቁላልም ወተትም ቅቤም አይገባበትም፤ ልጆቹም በዓሉ ገና ሳይደርስ «ገና» መባሉ አይጥማቸውም። የገና ዕለት ደግሞ ሁሉም በየቤቱ ነው፤ አገልጋይም አይገኝም።

የሚሻለው ከገና በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው። ከገና በኋላ የጥምቀት ዋዜማ፣ ማለትም ጥር 10፣ እስኪደርስ አንድ ወይም ሁለት ቅዳሜ ይገኛል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ አይመረጡም። የአጥቢያውን ክብረ በዓል ሳታዩ ቀን አትቁረጡ፤ ለምሳሌ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ጥር 7 ግቢው በምእመናን ይሞላል፣ አዳራሹም ድስቱም ለሌላ ሥራ ይፈለጋል።

እሑድ ካልሆነ የማይቻል ከሆነ ቅዳሴ ላይ የቆረቡ ልጆች እንደሚኖሩ አስቡ። በሥርዓቱ የቆረበ ልጅ ከሩጫ፣ ከመትፋትና ከመድማት ይጠበቃል። ስለዚህ በር ላይ ሲመዘገቡ «ዛሬ ቆርባችኋል?» ብሎ በቀስታ መጠየቅና የቆረቡትን መዝሙርና ሥዕል ወዳለበት ጥግ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህ ሳይጠየቅ ቀርቶ ልጁ የገና ጨዋታ ላይ ቢደማ ወላጆቹ በጣም ያዝናሉ፤ እውነትም አላቸው።

ፈቃድና ጥሪ

ከስድስት ሳምንት በፊት የሰንበት ትምህርት ቤቱን የሕፃናት ክፍል ኃላፊ አነጋግሩ። ጥያቄው በእሱ በኩል ለአስተዳዳሪውና ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ይቅረብ፤ በደብዳቤው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የልጆቹ ብዛት፣ የምትጠቀሙበት ቦታና የምትዋሱት ዕቃ ተዘርዝሮ ይቀመጥ። ገንዘብ ከተሰበሰበ በቤተ ክርስቲያኑ ደረሰኝ ብቻ ይሁን። ለዝግጅቱ ብላችሁ በግል ሒሳብ አትቀበሉ፤ አሥር ብርም ብትሆን በኋላ ሐሜት ታመጣለች።

ልጆቹን ለመጥራት ዕድሩን የሚያህል መንገድ የለም። የዕድሩ ዳኛ የትኛው ቤት ስንት ልጅ እንዳለ ያውቃል። «የችግረኛ ልጆች» ብላችሁ ዝርዝር አታዘጋጁ፤ ከመንገዱ ዳር እስከ ወንዙ ያሉትን ቤቶች በሙሉ ብላችሁ ሠፈሩን ከልላችሁ ጥሩ። ያኔ ባለ መኪናውም ጉሊት የምትሸጠዋ እናትም ልጆቻቸውን ይልካሉ፤ ማንም «ለምን እኔ ተጠራሁ?» ብሎ አይሸማቀቅም። ጥሪው ላይ ዕድሜው ከ5 እስከ 12 ዓመት መሆኑን፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጁ ጋር እንደሚመጣና የሚወሰዱበትን ሰዓት ጻፉ።

100 ከተጠሩ ለ120 ተዘጋጁ። ታላቅ ታናሹን ይዞ ይመጣል፤ በመንገድ ያለፈ ልጅም ከበሮ ሰምቶ ይገባል። አንድም ልጅ ከበር እንዳይመለስ ትርፉን አስቀድሞ መያዝ ነው።

ቤት ውስጥ ሥራ መከፋፈል

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አባት ወደ ድንኳን፣ እናት ወደ ወጥ ቤት፣ ልጆቹ ወደየትም ይበተኑና አብሮ ማገልገሉ ይቀራል። የተሻለው አሠራር አንድ ቤተሰብ አንድ ረድፍ መያዝ ነው። በአንድ ትሪ 5 ልጆች ይቀመጣሉ፤ አንድ ረድፍ 6 ትሪ ወይም 30 ልጅ ነው። አራት ቤተሰብ ካለ 120 ልጅ ይስተናገዳል። ወጥ ቤቱን፣ በሩንና ጨዋታውን የሚይዙ ከ10 እስከ 12 ሌሎች ሰዎች ደግሞ ለብቻ ይመደቡ።

በአንድ ረድፍ ውስጥ ሥራው እንዲህ ይከፈላል። ከ6 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጃችሁ ዳቦና ሶፍት ያድላል፤ ትኩስ ነገር አይነካም። ከ9 እስከ 12 ያለው ከእንግዶቹ ጋር ትሪ ላይ ይቀመጣል፣ አብሮ ይበላል፣ ስም ይጠይቃል፣ ያለቀውን እያየ እናቱን ይጠራል። ከ13 በላይ ያለው ጨዋታ ይመራል፣ ትሪ ያነሣል። ሻይና ወጥ የሚያቀርቡት ትልልቆች ብቻ ናቸው። አያት ወንበር ይዘው የረድፉ ጫፍ ላይ ይቀመጡ፤ የሚያፍር፣ የሚያለቅስ፣ እናቱን የናፈቀ ልጅ ሁሉ ወደ እሳቸው ይሄዳል። ይህ ሥራ ትንሽ አይደለም፤ 30 ልጅ ውስጥ ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ አይጠፋም።

ከልጆቻችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመጀመሪያው ነገር፣ ያን ዕለት እነሱ አስተናጋጆች ናቸው፤ ስጦታ ቀድመው አይመርጡም፣ ከፊት አይቀመጡም። ሁለተኛው፣ የክፍል ጓደኛቸውን እዚያ ቢያገኙ ደስ ብሏቸው ይጫወቱ እንጂ ሰኞ ትምህርት ቤት ሄደው «ቤተ ክርስቲያን ደብተር ስትቀበል አየሁህ» አይበሉ። ይህን በግልጽ ካልነገራችኋቸው በክፋት ሳይሆን በየዋህነት ይናገሩታል። «አባትህ ምን ይሠራል?»፣ «ለገና በግ አረዳችሁ?» የሚሉ ጥያቄዎችም ይቅሩ። «ስምህ ማነው? ስንተኛ ክፍል ነህ? የማን ደጋፊ ነህ?» ይበቃል። አዲሱን የበዓል ልብስም እቤት ተዉት፤ ንጹሕ የዘወትር ልብስና ነጠላ ይሻላል።

ምግቡ

በገና ሥጋ ይጠበቃል፤ ለእንዲህ ያለው ግብዣ ግን ሥጋ አለማድረጉን እንመክራለን። በአዲስ አበባ ሠፈር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ልጅ አብረው ያድጋሉ፤ ጥሪው ለሠፈሩ ሁሉ ከሆነ ሙስሊም ልጆችም ይመጣሉ፣ የክርስቲያን ዕርድ ደግሞ አይበሉም። ለእነሱ ለብቻ ትሪ ከመለየት ሁሉም ከአንድ ትሪ የሚበሉትን ማቅረብ ይበልጣል። የተቀቀለ እንቁላል ይህን ይፈታል፤ ፍስክ ስለሆነ በዓል በዓል ይላል፣ ዕርድም የለበትም። ለበዓሉ ሥጋ ያልገባበት ቤት እንዳለ ካወቃችሁ፣ ከገና በፊት በዕድሩ በኩል ማንም ሳያይ ይድረሳቸው።

ለ120 ልጅ የሚያስፈልገው፦

እንጀራ 100
ምስር ክክ 4 ኪሎ ተኩል
ድንች 12 ኪሎ፣ ካሮት 6 ኪሎ
ሽንኩርት 6 ኪሎ፣ ነጭ ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ
ዘይት 3 ሊትር (የፈንድሻውን ጨምሮ)
እንቁላል 150 (ለልጆቹ፣ ለአገልጋዮቹና ለሚሰበረው)
የዳቦ ዱቄት 10 ኪሎ፣ ወይም ከዳቦ ቤት 130 ትንንሽ ዳቦ
ሙዝ 30፣ ለትንንሾቹ
የፈንድሻ በቆሎ 2 ኪሎ
ለሻይ 24 ሊትር ውኃ፣ ከ120 እስከ 150 ግራም ሻይ ቅጠል፣ 2 ኪሎ ስኳር፣ ቀረፋና ቅርንፉድ

ምስሩ አልጫ ይሁን፤ በእርድና በዝንጅብል ይሠራ። በርበሬ የለመደ ልጅ አልጫ ይበላል፣ ያልለመደ ግን ቀይ ወጥ ላይ ያለቅሳል። ክኩ በአንድ ትልቅ ድስት ከተሠራ ከሥር ያርራል፣ ከላይ ግን ጥሬ ይሆናል፤ በሁለት ድስት ከፍላችሁ፣ አረፋውን እየገፈፋችሁ፣ እሳቱን መጥናችሁ አብስሉ። ካረረ ከሥር አታማስሉት፤ የላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፣ ሽታው ሳይገባበት ይድናል። ድንቹ ማታ ተልጦ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይደር እንጂ ወጡ ማታ ተሠርቶ አይደር። በትልቅ ድስት ያደረ ወጥ መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ የሚበላሸውም ያኔ ነው። የበሰለ ምግብ ከእሳት ወርዶ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ከዘገየ እንደገና ሙሉ በሙሉ ይፍላ።

የእንቁላሉ ነገር በደንብ ይታይ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በቆላ 10 ደቂቃ የሚበቃው እንቁላል እዚህ ከፈላ በኋላ ከ13 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ 40 ብቻ ክተቱ፤ 150 በአንድ ድስት ከገባ የታችኛው ይሰነጠቃል፣ የላይኛው አይበስልም። ሲወጣ 10 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ልጣጩ በቀላሉ ይለቃል። ልጠታው ምግቡ ሊቀርብ 20 ደቂቃ ሲቀረው ይጀመር፤ እጁን በሳሙና የታጠበ የ8 ዓመት ልጅ በደስታ ይሠራዋል።

ድፎ ዳቦ ከጋገራችሁ ዋዜማ ማታ አውጡት። ትኩሱን የቆረጠ ሰው ፍርፋሪ ብቻ ይተርፈዋል፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይብረድና በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይደር። አንድ ኪሎ ዱቄት ወደ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ዳቦ ይሰጣል፤ ለአንድ ልጅ 120 ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው። ጊዜ ከሌላችሁ አንዱን ድፎ ለቡራኬው ጋግራችሁ ሌላውን ከዳቦ ቤት እዘዙ፤ ማንም አይቀየምም።

ኦቾሎኒ ጨርሶ አይግባ፤ ሲበላው ሰውነቱ የሚያብጥ ልጅ ሊኖር ይችላል። ፈንድሻና ቆሎ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፣ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ለእነሱ ሙዝና የዳቦ ልብ ነው። ያልተነፋና የፈነዳ ፊኛም እንዲሁ ከመሬት ቶሎ ይለቀም።

የዕለቱ አካሄድ

ወጥ ቤቱ ጠዋት 1 ሰዓት ይጀምራል። በ3 ሰዓት አዳራሹ ይጠረጋል። ቄጤማ ብትጎዘጉዙ በር አካባቢና ሴራሚክ ላይ አታድርጉት፣ እርጥቡ ያንሸራትታል። ጧፍ ከተበራ ትልልቆች ብቻ ይያዙት፤ የልጅ ነጠላ ጫፉ ተንጠልጥሎ ከነበልባል ጋር ይገናኛል፣ ጥጥ ደግሞ ለመያያዝ አፍታ አይፈጅበትም።

በሩ 4 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ሁለት ሰዎች ይመዝግቡ፦ የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ ያመጣው ሰው ስምና ስልክ፣ የማይስማማው ምግብ። እጁ ላይ የረድፉን ቀለም ሪባን እሰሩለት፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ሪባኑ ላይ ስሙን አትጻፉ፤ የማያውቁት ሰው በስሙ ቢጠራው ልጅ ያምናል። መዝጋቢዎቹ እስከ መጨረሻው አይቀየሩ፤ ማን ማንን እንዳመጣ ፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እስከ 5 ሰዓት ተኩል ጨዋታ ነው። ልጅ ከበላ በኋላ ከሮጠ ሆዱን ያመዋል፣ ሳይበላ ግን ይሮጣል፤ ስለዚህ ጨዋታው ይቅደም። የገና ጨዋታ ከሌለበት ገና አይመስልም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለለት ነው። ይሁን እንጂ ዱላና ብዙ ልጅ ባለበት ግቢ ሥርዓት ያስፈልጋል። ኳሱን ከእንጨት አታድርጉት። አሮጌ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ አፉን አዙራችሁ ሁለተኛ ካልሲ አልብሱት፣ በሲባጎ ዙሪያውን ጠፍሩት፤ የብርቱካን መጠን ይሁን። ላላ ከተጠቀለለ ሁለት ጊዜ እንደተመታ ይዘረገፋል። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ከልጁ ወገብ የማይበልጥ ይሁን። አምስት ለአምስት፣ ሰባት ሰባት ደቂቃ ይጫወቱ። ሕጉ አንድ ነው፦ ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣም፤ ያነሣ አንድ ዙር ይወጣል። ተመልካቹ ከመስመሩ ሦስት ሜትር ይራቅ። ከ7 ዓመት በታች ያሉት ያለ ዱላ በእጅ እያንከባለሉ ይጫወቱ።

ከዚያ እጅ መታጠብ። በየረድፉ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ ሁለት ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት ሳፋና ሳሙና ይኑር። አስታጣቢው አባት ቢሆን ደስ ይላል፤ ጎንበስ ብሎ ውኃ የሚያፈስ ትልቅ ሰው ያየ ልጅ እንግድነቱ ይገባዋል። ሳሙናው ሳይዘለል 30 ልጅ ለማስታጠብ ሁለት ሰው 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ድፎውን ይባርካሉ፣ ይቆርሳሉ። ትሪዎቹ የሚቀርቡት ልጆቹ ከተቀመጡ በኋላ ነው፦ ሦስት እንጀራ ተነጥፎ፣ አንድ ተጠቅልሎ፣ አራት ጭልፋ ምስር፣ ድንችና ካሮት፣ አምስት እንቁላል። እንቁላሉ በቁጥር ስለሆነ ፈጣኑ ሁለት እንዳይወስድ ትሪው ላይ የተቀመጠው ልጃችሁ አንድ አንድ ያስይዝ። ጉንፋን የያዘው ልጅ ካለ ሳይነገርበት በትንሽ ሳሕን ለብቻው ይቅረብለት። ሻይ ለብ ካለ በኋላ፣ ግማሽ ኩባያ ብቻ ተሞልቶ ይሰጥ። ቃጠሎ የሚደርሰው ትኩስ ማንቆርቆሪያ በተቀመጡ ልጆች ራስ ላይ ሲተላለፍ ነው፤ ሁልጊዜ ከጀርባቸው ዞሮ ይቀዳ።

ምግቡ ሲነሣ መዝሙርና የልደት ተውኔት ይከተላል። ተውኔቱ ከ12 ደቂቃ አይለፍ፤ ጽሑፉን የሕፃናት ክፍሉ መምህር አስቀድሞ ይየው። ሰብአ ሰገል ከሚይዙት ሦስት ነገሮች እጣኑ በእጅ ያለ ነው፤ እውነተኛውን እጣን ለልጆቹ አሽትቷቸው። ከርቤም መርካቶ ይገኛል።

ሕፃናትን ስለ መጠበቅ

እዚህ ላይ መለሳለስ የለም። ማንም አገልጋይ፣ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ ከእንግዳ ልጅ ጋር ብቻውን ዝግ ቦታ አይገባም። ሽንት ቤት የሚወሰዱት ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከሁለት ትልቅ ሰው ጋር ነው፤ ትልልቆቹ ከበር ውጭ ይቆማሉ። ልጁ የሚለቀቀው ላመጣው ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሰው «አጎቱ ነኝ» ብሎ ከመጣ በተመዘገበው ስልክ ተደውሎ ይጣራ፤ የሚቀየም ይቀየም። ብቻውን የመጣ ልጅ በሁለት አገልጋዮች እቤቱ ይድረስ። ፎቶ የሚያነሣ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የልጅ ፊት ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነሣ፣ ስጦታ ሲቀበል ጨርሶ አይነሣ። ጓንት፣ ፋሻ፣ ፕላስተርና ንጹሕ ውኃ የሚይዝ ሰው ተለይቶ ይታወቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በየአገልጋዩ ስልክ ይመዝገብ።

ስጦታው

ለሁሉም አንድ ዓይነት። ለታናሽ አሻንጉሊት፣ ለታላቅ ደብተር ብሎ መለየት እዚያው ጠብ ያስነሣል። የሚበጀው የትምህርት ቁሳቁስ ነው፦ አራት ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ። መስከረም ላይ የተገዛው ደብተር ወደ ማለቂያው ስለደረሰ ለሁለተኛው መንፈቅ ይደርስላቸዋል። ከሻንጣ ያነሰ፣ ከውጭ የማያሳይ አንድ ዓይነት ከረጢት ውስጥ ይግባ፤ የሰጪ ድርጅት ስም አይታተምበት። መድረክ ላይ ስም እየተጠራ አይሰጥ። 7 ሰዓት ላይ ወላጅ ልጁን ሲረከብ፣ በር ላይ፣ ከልጁ እጅ ሪባኑን ፈትታችሁ ከረጢቱን አስይዙት፤ ሪባኑ ስለሚቀር ማን እንደወሰደ አይጠፋም፣ ሁለት ጊዜም አይወሰድም።

በውጭ አገር ላሉ አጥቢያዎች አንድ ማስታወሻ። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ገና የሚውልበት ጃንዋሪ 7 ብዙ ጊዜ የትምህርትና የሥራ ቀን ላይ ስለሚያርፍ ቀጣዩ ቅዳሜ ይመረጥ። የጎረቤት ልጆች ከብዙ አገር ስለሚሆኑ የምግብ አለርጂ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው የሚጠየቀውን ማጣሪያ አጥቢያው እንደየአገሩ ሕግ አስቀድሞ ይጨርስ።

ሲጠናቀቅ

ያልተነካው ምግብ ያንኑ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ላሉ ነዳያን ይሰጥ፤ ከትሪ የተረፈው አይሰጥ። ትንንሽ ልጆቻችሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ስለማይችሉ አንድ ትልቅ ሰው ቀድሞ ይዟቸው ይግባ፤ የቀራችሁት የተዋሳችሁትን ድስትና ትሪ ቆጥራችሁ፣ አጥባችሁ፣ አስፈርማችሁ መልሱ። የመዝገቡ ወረቀት የልጆች ስምና ስልክ ስላለበት ለሕፃናት ክፍሉ ኃላፊ በእጅ ይሰጥ፤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ አይዙር። ስንት ልጅ እንደመጣ፣ ምን እንዳነሰና ምን እንደተረፈ ግን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከደረሰኞቹ ጋር ለሰበካ ጉባኤው አስገቡ። የተረሳ ነጠላ፣ ሹራብና የአንድ እግር ጫማ አይጠፋም፤ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ቢሮ ይቀመጥና በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነገር።